ፊርማው አለ፤ ፈቃዱስ?

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምንሄደው ቼክ ሪፐብሊክ ነው፤ ኦስትራቫ ወደምትባል የድንጋይ ከሰልና የብረት ከተማ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እዚያ «ልዩ ትምህርት ቤት» የሚባል ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው ለተባሉ ልጆች ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት 1,360 ልጆች 762ቱ የሮማ ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። ሮማ ስል የጣሊያኗን ከተማ አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ በብዙ አገሮች የሚኖር አንድ ሕዝብ ነው። ከግማሽ በላይ! ከከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ግን ሮማዎች ከመቶ 2.26 ብቻ ነበሩ።

ምን ለያቸው? የአእምሮ ችሎታ ፈተና። ነገሩን እንዲህ እዩት። አንድ ልብስ ሰፊ ለተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም እንዲሰፋ ታዘዘ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መጣና አንድ ልጅ ለካ። አንድ ልጅ ብቻ! ትከሻውን፣ ወገቡን፣ የእጁን ርዝመት። በዚያው ልክ ለሁሉም ሰፋ። ለአንዱ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ፤ ለአንዷ ቁልፉ አልቆለፍ አለ። ከዚያ ምን ተባለ? «ልኩ ያልሆናችሁ ሰውነታችሁ ችግር አለበት፤ ወደዚያኛው ግቢ ሂዱ።» ልጆቹን ማን ለካቸው? ማንም! ፈተናውም እንደዚያው፣ በቼክ ቤት፣ በቼክኛ ላደገ ልጅ የተለካ ነበር።

18 የሮማ ልጆች ከሰሱ። አገር ውስጥ አልሆነም። ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2006 ተሸነፉ፣ በ2007 በዚያው ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ13 ለ4 የዳኞች ድምፅ አሸነፉ። ቀጥተኛ ያልሆነ መድልዎ ነው፤ ሕጉ ዘር አይጠራም፣ ጉዳቱ ግን አንድ ሕዝብ ላይ ይከመራል። ባለፈው ቪዲዮ ስላየነው እንለፈው፤ ሊንኩ ከታች አለ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ፦ «ልጆቹ ልዩ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ወላጆቹ ራሳቸው ፈርመው የለ እንዴ?» እዚህ ላይ ልቆይ። አዎ፣ ፈርመዋል። ምን ላይ? ቀድሞ ተሞልቶ በመጣ ፎርም ላይ! የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ትምህርት እንደሚለያይ ማን ነገራቸው? ሌላ አማራጭ እንዳለስ? ደግሞ መደበኛው ትምህርት ቤት ልጃቸው ተገልሎ ብቻውን የሚቀመጥበት ነው፤ ልዩው ግን እንደሱ ባሉ ልጆች የተሞላ ነው። እናንተ ብትሆኑ የቱ ላይ ትፈርሙ ነበር? ፍርድ ቤቱም እንዲህ ያለ ፊርማ ፈቃድ አይባልም አለ። ቢፈቅዱም እንኳ፣ ልጅ እንዲበደል መፍቀድ አይቻልም።

ጀርመን፣ ስዊድን ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ትምህርት ቤቱ የማታነቡትን ወረቀት ከሰጣችሁ እዚያው አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ቤት ወስዳችሁ አስነብቡት።

«ልዩ ትምህርት ቤት» የሚለው ስም በ2005 ከሕጉ ወጥቷል። ስም መቀየር ብቻውን ልጅ አያስተምርም፤ እኔ ተስፋ የምጥለው ክፍል ውስጥ በሚገቡት ረዳት መምህራንና ከ2017 ጀምሮ ግዴታ በሆነው የመጨረሻ የመዋዕለ ሕፃናት ዓመት ነው። ረዳቶቹ ምን እንደሚሠሩ በሚቀጥለው ቪዲዮ እናያለን፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።