ጭቃ ቤቱን ከማፍረሳችሁ በፊት በሩን ክፈቱና ዝጉ

[ምስል፦ አዲስ አበባ፣ የድሮ ሰፈር፣ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ሲታይ]

ሰላም ሰላም! እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ ስለ ማፍረስ ነው የምናወራው። ስለ መሥራትማ ሁሉም ያወራል። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ የኩሽና ካቢኔት… እሱን የሚያሳያችሁ ሞልቷል። የእናት የአባታችሁን ጭቃ ቤት አፍርሳችሁ በቦታው ብሎኬት ቤት ልትሠሩ ከሆነ ግን፣ ብራችሁን የሚበላው ከመሬት በታች ያለው ነው። ስለ መሬቱ ደግሞ አንድ ምስክር አላችሁ፤ አሮጌው ቤት ራሱ። አንዴ ከፈረሰ ምስክርነቱ በሲኖትራክ ተጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ከመፍረሱ በፊት ጠይቁት።

እንዴት ነው ቤት የሚጠየቀው? በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ።

[ምስል፦ የእንጨት በር፣ መቃኑ ቀረብ ተደርጎ]

በሩ ያዝ ያደርጋል? አንዳንዱ «ክረምት ላይ ብቻ ነው የሚይዘው» ይላል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። እንጨትም ራሱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ በሩን ተዉትና መቃኑን እዩ። በበሩና በመቃኑ መሀል ያለው ክፍተት ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው? ወይስ አንዱ ጋ ጠባብ፣ ሌላው ጋ ጣት ያስገባል? እንደዚያ ከሆነ መቃኑ ዘሟል። መቃን የሚዘመው ወይ የቋሚው እግር በስብሶ፣ ወይ ምስጥ በልቶት፣ ወይ ደግሞ መሬቱ ተንቀሳቅሶ ነው። የቋሚውን እግር ቆፈር አድርጋችሁ እዩት። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ተጠርጣሪው መሬቱ ነው።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። የጎረቤትን የብሎኬት አጥር እዩ። ስንጥቁ እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ፣ ከታች የሆነ ነገር ሰምጧል ወይም ተነስቷል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ያለ ጥቃቅን ስንጥቅ ግን ብዙ አያስጨንቃችሁ። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጠባዩ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ያዙ።

ሰፌድ አምጡ። ሰፌዱን አንዱን ጫፍ ተጫኑት፤ ጎበጥ ይላል። ልቀቁት፤ ይመለሳል። ትንሽ የተጣመመ ሰፌድ እህል ማበጠሩን አይተውም። ጭቃ ቤት ሰፌድ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ማገር ይመታበታል፣ ጭድ የገባበት የተብላላ ጭቃ ይመረግበታል። እንጨት ከእንጨት ጋር የተጠላለፈ ነው። መሬቱ ከታች ሁለት ጣት ቢነሳ ቤቱም አብሮ ይነሳል። ክረምት ሲነሳ፣ በጋ ሲሰምጥ፣ እንደ ሽማግሌ ወገቡን እየያዘ አብሮ ይኖራል። የሚሰነጠቀው ምርጉ ነው፤ እሱንም ለበዓል እናታችሁ አንድ ባልዲ ጭቃ አቡክተው ይለስኑታል። አለቀ።

አሁን ምጣድ አምጡ። የሸክላ ምጣድ። ምጣድ አይጎብጥም። ምጣድ ወይ ደህና ነው፣ ወይ ተሰንጥቋል፤ መሀል ቤት የለውም። በ3 ጉልቻ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። እዚህ ጋ ኢንጂነር የሆናችሁ ተመልካቾቼ ልትጮኹብኝ ነው፤ «3 ጉልቻ ላይ ያለ ምጣድ አንዱ ቢሰምጥ ይዘማል እንጂ አይሰነጠቅም» ልትሉ። ልክ ናችሁ! ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ እንጀራው በአንድ በኩል ዳቦ በሌላ በኩል ወረቀት ይሆናል እንጂ ምጣዱ አይሰበርም። ግን ትልቅ ምጣድ አስቡ። የሳሎን የሚያክል። ከሥሩ 9 ጉልቻ አለ። ከዘጠኙ አንዱ፣ ያውም የመሀሉ፣ ሦስት ጣት ሰመጠ። ምጣዱ እዚያ ቦታ ላይ ባዶ አየር ላይ ቀረ። ሰፌድ ቢሆን ጎብጦ ጉልቻውን ተከትሎ ይወርድ ነበር። ምጣድ አይወርድም። ጧ!

የብሎኬት ቤት ምጣድ ነው። ኮለኖቹ፣ ማለት የኮንክሪት ምሰሶዎቹ፣ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ጉልቻዎቹ ናቸው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጥ ከሆነ እስማማለሁ። ስለ ምጣዳችን ከሆነ ግን ወሳኙ ጉልቻው ነው።

በዚያ ላይ ክብደቱ አለ። የድሮው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ 1 ካሬ ሜትሩ ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ጂ ፕላስ ዋን ስትሠሩ መሀል ላይ የምታስገቡት ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል)፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ 1 ካሬ ሜትሩ ብቻ ወደ 375 ኪሎ ይመዝናል። 4 በ4 የሆነች አንዲት መኝታ ቤት ሶሌታዋ ብቻ 60 ኩንታል ነው። ግድግዳው፣ ሴራሚኩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ አማቶቻችሁ ሳይቆጠሩ። መሬቱ ያው የድሮው ነው። የሚሸከመው ግን ያው አይደለም።

[ምስል፦ በበጋ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር፣ እጅ ሲገባበት]

አፈሩስ? አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትወጡ ቀይ አፈር ይበዛል። ወደ ቦሌ፣ ወደ አቃቂ ሜዳ ስትወርዱ ጥቁር አፈር፤ ዋልካ ወይም መረሬ የምትሉት። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በጋ ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። እና የሚያብጠው እኩል አይደለም፤ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ጥግ አብዝቶ ያብጣል፣ ደረቁ ጥግ ይቀራል። ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ባሕር ዛፍ ካለም ልብ በሉ። ዛፉ ለዓመታት ውሃ ሲመጥ ከሥሩ ያለው ዋልካ ደርቆ ተሸብሽቧል። ዛፉን ቆርጣችሁ በማግስቱ መሠረት ካወጣችሁ፣ አፈሩ ቀስ እያለ ውሃውን መልሶ ይጠጣና ቤታችሁን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ቁረጡት፣ ግን ቢያንስ አንድ ክረምት ይለፍበት።

ላይክ ያላደረጋችሁ ላይክ አድርጉ። በነፃ ነው፤ ከአሸዋ ይረክሳል።

እሺ፣ አሁን ወደ መሠረት ቁፋሮ ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ አስተያየት ተጻፈ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ከሥሩ ተሰለፈ። ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም። አስተያየቱ ይሄ ነው፤ «የድሮው ቤት የድንጋይ መሠረት ስንት ዓመት ሙሉ ችሎ ቆሟል፤ ለምን ይነቀላል? በላዩ ላይ ብሎኬቱን መደርደር ነው።»

ጋሼ፣ በጣም አከብርዎታለሁ። ግን ድንጋዩ ቤቱን አልተሸከመም!

አካፋ አምጡና አንድ ጥግ ላይ ቆፍሩ። ምን ታገኛላችሁ? አብዛኛው ጭቃ ቤት የቆመው በቋሚዎቹ ላይ ነው። ቋሚዎቹ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ከግድግዳው ሥር የምታዩት ድንጋይ በቋሚዎቹ መሀልና ዙሪያ የተደረደረ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጭቃ የተያያዘ። ሥራው የዝናብ ፍንጣቂ የጭቃውን ግድግዳ እንዳይበላው መከላከል ነው። ቦት ጫማ ማለት ነው፤ እግር አይደለም። ስንት ዓመት ችሎ የቆመው ምንም ስላልጫናችሁበት ነው!

«የእኛ ግን በእውነተኛ ግንብ ላይ ነው» የምትሉ አላችሁ። ይሁን። ጥልቀቱ ስንት ነው? ጉልበት የሚደርስ? እሱ ጥልቀት ዋልካው በየዓመቱ የሚያብጥና የሚሸበሸብበት ጥልቀት ነው። እና አዲሱ ቤት ኮለኖቹ የሚያርፉት የድሮው ግድግዳ ባለፈበት መሥመር ላይ ነው ያላችሁ ማን ነው? የድሮው ሳሎን 3 በ4 ነበር፤ አዲሱን ሳሎን 3 በ4 ልታደርጉት ነው? ወንድማችሁ ከዋሽንግተን በስልክ እያየ «ሳሎኑ ሰፋ ይበል» እያለ? ግማሹ ኮለን በድሮው ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ በአፈር ላይ ያርፋል። ግማሹ ጉልቻ ድንጋይ፣ ግማሹ አመድ። ምጣዱን ተሰናበቱት።

ድንጋዩ ግን አይጣልም። ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ከሆነ አጥቡት፣ አስቀምጡት። ከወለል ኮንክሪቱ ሥር የሚደረደረው 25 ሴንቲ ሜትር ሃርድኮር ይሆናችኋል። እዚያ ላይ ጋሼ አሸንፈዋል።

ስለ ድሮ ግቢ ካነሳን አንድ ነገር አለ፤ ሰው ማንሳት ያፍራል። ሽንት ቤት። የድሮ ግቢ ውስጥ አንድ ጉድጓድ ብቻ የለም። አንዱ ሲሞላ አፈር ተደፍቶበት ሌላ ይቆፈራል። ያም ሲሞላ ሌላ። በላዩ ላይ ዛሬ ጎመን ተተክሎበት ይሆናል፤ በጣም ያማረ ጎመን። መሐንዲሱ አያውቀውም። ካርታው ላይ የለም። የሚያውቁት እናታችሁ ናቸው፤ ወይ ደግሞ የድሮ ጎረቤት። ስለዚህ ፕላን ከመነደፉ በፊት እማማን ወንበር አውጡላቸው፣ ግቢው መሀል ይቀመጡ፣ «የዱሮው የት ነበር? ከዚያ በፊትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠቆሙት ላይ ችካል ትከሉ። ኮለን እዚያ ላይ ከወደቀ ወይ ፕላኑ ይነካካል፣ ወይ ጉድጓዱ እስከ ታች ተጠርጎ ይሞላል። አፈር ደፍቶ በእግር መርገጥ መሙላት አይባልም።

[ምስል፦ ቆርቆሮ ሲነሳ]

ማፍረሱ ራሱ ቀላል ነው። ከማፍረሱ በፊት ያለው ወረቀት ነው የሚከብደው። ካርታው በማን ስም ነው? በአባታችሁ ስም ከሆነና አባታችሁ በሕይወት ከሌሉ፣ መጀመሪያ የወራሽነት ጉዳይ፣ ከዚያ ስም ማዞር። ወንድምና እህት ፈርመው ይጨርሱ፤ መሠረት ከወጣ በኋላ የሚመጣ እህት ከዋልካ ይብሳል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ የእናንተ አይደለም፤ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ጀምሮ አልነበረም። ለግንባታ ብቻ ሳይሆን ለማፍረስም ፈቃድ ያስፈልጋል። መብራትና ውሃ ሳይቋረጥ አንድ ቆርቆሮ እንዳይነካ።

ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈርሰው። ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ፣ በርና መስኮት፣ ከዚያ ግድግዳ። ደህናውን ቆርቆሮ ለሠራተኞች መጠለያና ለሲሚንቶ መጋዘን አስቀሩት። የቀረውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ተከራከሩት፣ እሱም ይጠብቃል። ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ። ቤት ሲፈርስ አይጦቹ የወሰን ድንጋይ አያከብሩም። ግድግዳችሁ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የሱን ግድግዳ ከነስንጥቁ ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ፣ እሱ ባለበት። «ያንተ ቁፋሮ ሰነጠቀብኝ» የሚል ክርክር ሲመጣ ፎቶው ይናገራል።

ጊዜው? ከመስቀል በኋላ። ክረምት ላይ መሠረት የሚቆፍር ሰው ዋና ለመማር ነው።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልበለው። የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ፎቅ ከሆነ የአፈር ምርመራ አሠሩ። ዋልካው ይወጣል፣ በምትኩ ገረጋንቲ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በንብርብር ይጠቀጠቃል። ከዚያ ፉቲንግ (ከኮለኑ ሥር የሚፈሰው ሰፊ የኮንክሪት እግር)፣ የመሠረት ኮለን፣ ግንብ፣ ግሬድ ቢም (በመሬት ደረጃ የሚሄደው የኮንክሪት አግዳሚ)። ግሬድ ቢሙ ጉልቻዎቹን እርስ በርስ የሚያስራቸው ነው፤ እሱ ላይ ፌሮ አትቆጥቡ። ከዚያ ኮለን፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፣ ጣሪያ። ዝርዝሩን የሠራሁበት ቪዲዮ ቻናሉ ላይ አለ፤ ሰብስክራይብ ያደረጋችሁ አይታችሁታል፣ ያላደረጋችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?

ሁለት ነገር ብቻ ላስረግጥ። አንደኛ፣ ስታፋ። ኮለኑን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት። ግንበኛው ጫፉን ወደ ውስጥ በደንብ ሳያጥፍ፣ ኮለኑ ከቢም ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ሳያጠጋጋ ኮንክሪት ካፈሰሰ፣ ማንም አያየውም። የሚያየው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አምፖል ሲወዛወዝ ያየ ሰው ስታፋ ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ሁለተኛ፣ ውሃ። ኮንክሪት ደርቆ አይደለም የሚጠነክረው። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው። ውሃው ቶሎ ከተነነ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቢያንስ 7 ቀን ሶሌታውና ኮለኑ እርጥብ ይሁኑ፤ ጆንያ አልብሱና አጠጡ። በ7 ቀን የ28 ቀን ጉልበቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ፎርማን «ጠንክሯል» ብሎ የሶሌታውን ድጋፍ በሳምንቱ እንዳያወልቅ።

ዱባይም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም ሆናችሁ ብር እየላካችሁ የምታሠሩ፤ «ፎቶ ላክልኝ» ስትሉ የሚላክላችሁ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ያማረ፣ ነጭ፣ ምንም የማይናገር። እናንተ የምትፈልጉት ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ያለውን ነው። ፌሮው ተቆጥሮ፣ በስታፋዎቹ መሀል ሜትር ተዘርግቶ፣ ቀኑ ወረቀት ላይ ተጽፎ አጠገቡ ተቀምጦ። እሱ ፎቶ ሳይመጣ የሚቀጥለው ብር አይላክ። ፎርማኑ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የጣሪያ ውሃ የት እንደሚሄድ እናያለን። የግቢያችሁን አፈር ቀለምና ሰፈራችሁን ከታች ጻፉልኝ። ቻው ቻው!