ግልገሏ ጥርስ ስትቀይር
[ምስል፦ ግልገል ድመት የጋቢ ጫፍ ስታኝክ]

ጤና ይስጥልኝ። መስከረም መጀመሪያ ላይ የተወለደች ድመት ቤታችሁ ካለች፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጠባይዋ ይቀየርባችኋል። የጋቢ ጫፍ ታኝካለች። የጫማ ማሰሪያ አትተውም። ስትበላ አንገቷን ዘመም አድርጋ በአንድ ጎን ብቻ ታላምጣለች። «ምን ነካት?» ትላላችሁ። ምንም አልነካት፤ ጥርስ እየቀየረች ነው።

እኛ ጎንደር ውስጥ ድመት የምናሳድገው በአብዛኛው አይጥ እንድትይዝልን ነው። አይጥ የምትይዝበትን ጥርስ የምታበቅለው ግን አሁን ነው። ስለዚህ ይህን ጊዜ ዝም ብለን ባናሳልፈው ጥሩ ነው።

ድመት ስትወለድ ድዷ ባዶ ነው። መስከረም 1 ተወለደች እንበል። የደመራ ሰሞን የፊት ጥርሶቿ ብቅ ብቅ ይላሉ። ክራንቻ ይከተላል፣ ከዚያ የጎን ጥርሶች። ኅዳር ሲገባ 26 የወተት ጥርስ ሞልቷል። ጫፋቸው በጣም ሹል ነው፤ እናቷም ስትጠባት ስለሚያማት ከጡት ገፋ ማድረግ ትጀምራለች።

[ምስል፦ የግልገል አፍ ከቅርብ፤ የላይኛው ከንፈር ከፍ ብሎ]

ከ3 ወር ተኩል ገደማ ጀምሮ የፊቶቹ ይረግፋሉ። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ከፊት አዲስ ነጭ ጥርስ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የካቲት መግቢያ ላይ፣ በ5 ወሯ፣ ተራው የክራንቻ ነው። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ወር ሲሆናት፣ 30 ቋሚ ጥርስ ይኖራታል። የተጨመሩት 4ቱ መንጋጋዎች ናቸው፤ እነሱ ከመጀመሪያውም የወተት ጥርስ የላቸውም።

ጥርሱ የሚወልቀው እንዲህ ነው። አዲሱ ጥርስ ከሥር ሲገፋ፣ የሰውነቷ ሴሎች የአሮጌውን ሥር ቀስ በቀስ ያሟሙታል። በመጨረሻ ላይኛው ክፍል ብቻ ድዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና በምግብ መሃል ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ትውጠዋለች፤ ምንም አይጎዳትም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ምንጣፍ ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ጥርስ ታገኛላችሁ። ምግቧ ላይ ትንሽ የደም ነጠብጣብ ወይም ቀላ ያለ ድድ ብታዩ አትደንግጡ። የሚነቃነቅ ጥርስ ግን በእጃችሁ አትንቀሉ። ሥሩ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ጊዜ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፤ ጓዳ ውስጥ ሥጋ የለም። እሷ ግን ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ እያደገች ደግሞ እንጀራ በሽሮ አይበቃትም። በዚያ ላይ ወጡ ውስጥ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል። ከጎርጎራ የሚመጣ የጣና ዓሣ ካገኛችሁ ቀቅሉት፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ልቀሙ፣ አድቅቁላት። የተቀቀለ እንቁላልም ይሆናል። ለማኘክ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ስጧት። የተተረተረ ጨርቅ አይሁን። ክር ከዋጠች አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። የቻርጀር ገመድም ከፊቷ አንሡ።

[ምስል፦ የመድኃኒት እሽግ፤ በላዩ ቀይ ምልክት]

ይህን በጣም አደራ እላችኋለሁ፦ «አሟታል» ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው ጉበት ማስወገድ አይችልም። አንድ ፍሬ እንኳን ሊገድላት ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የልጆች እጅ ነው። ድዷ ሲያሳክካት ያገኘችውን ትነክሳለች። ልጆች በጣታቸው እንዳያጫውቷት ንገሯቸው፤ የሚያጫውቱበት ነገር ይስጧት። 3 ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ትችላለች፤ በሽታው ድመትንም ይይዛልና አስከትቧት። ያልተከተበች ድመት ሰው ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት።

[ምስል፦ ሁለት ክራንቻ ጎን ለጎን፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም]

የካቲት ላይ አንድ ነገር እንድታዩላት እፈልጋለሁ። እንቅልፍ ሲጫጫናት የላይኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉ። አዲሱ ክራንቻ ወፈር ያለ ነው፤ ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን መስመር አለው። አሮጌው ከኋላው ቀጠን ብሎ ይቆማል። ሁለቱ ለጥቂት ቀናት አብረው ቢታዩ ችግር የለውም። አዲሱ አድጎ ጨርሶ አሮጌው እንደቆመ ከሆነ ግን በራሱ የመውደቁ ነገር ያጠራጥራል። በመሃላቸው ምግብ ይቀረቀራል፣ ድዱ ይመግላል፣ አዲሱም ተጣሞ ሊያድግ ይችላል። ከተማችን የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሐኪም አለ። ውሰዷት፤ አደንዝዞ ከነሥሩ ያወጣላታል። አፏ በጣም ከሸተተ፣ ፊቷ ካበጠ ወይም ቀኑን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለች ደግሞ የካቲትንም አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ውሰዷት።