ውሃው እስከ የት ደረሰ?

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ከሰፈር የብስክሌት ጉዞ ገና መመለሴ ነው። እግሬ ዝሏል፤ ያየሁት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ጉዞው ቀላል ነው። የአካባቢው ሰዎች ብስክሌታችንን ይዘን እንሰበሰባለን። አንዱ ከፊት ይመራል፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ ማንም እንዳይቀር ይጠብቃል። ጎርፍ የሚተኛባቸውን፣ ሙቀት የሚበረታባቸውን ቦታዎች እየዞርን እናያለን። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ብዙ ጊዜ ሩቅ ያለ ነገር ይመስለናል። እኛ የምንፈልገው ከደጃችን ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው።

ለምን በብስክሌት? በብስክሌት ላይ ሰውነታችሁ ራሱ መለኪያ ስለሚሆን ነው። ፀሐይ የዋለችበት አስፋልት በሞቃት ቀን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ያ ግለት ከታች እግራችሁን ይጠብሰዋል። ከዚያ ዛፍ ወዳለበት መንገድ ትታጠፋላችሁ፤ ወዲያው ትንፋሻችሁ ይመለሳል። ዛፉ የሚሰጠው ጥላ ብቻ አይደለም። በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ያተነዋል፤ ትነቱ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ቁልቁለቱም እንደዚያው ነው። ፔዳል ሳትመቱ ብስክሌቱ ወደሚንከባለልበት ውሃውም ይሄዳል። ይህን አንዴ ካስተዋላችሁ የከተማው መንገድ ሁሉ ወንዝ ሆኖ ይታያችኋል።

መጀመሪያ አካባቢ በየማቆሚያው የማወራው እኔ ነበርኩ። የምወዳቸውን ከተሞች ታሪክ እተርክ ነበር። የዴንማርኳ ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በወረደ ዶፍ መንገዷም ምድር ቤቷም በውሃ ተሞላ። በዓመቱ ከተማዋ ዕቅድ አወጣች። ቱቦ ብቻ ከማስፋት ይልቅ መናፈሻዎቿና መንገዶቿ ዝናቡን ተቀብለው እንዲያቆዩ ወሰነች። በኔዘርላንድሷ ሮተርዳም ውስጥ ደግሞ ቤንተምፕላይን የሚባል አደባባይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተከፈተው። ደረቅ ሲሆን ወጣቶች ኳስ ይጫወቱበታል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ያው ሜዳ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ እናም አወራለሁ፣ አወራለሁ።

አንድ ቀን ግን ከአንድ የመኪና መሿለኪያ አጠገብ ቆመን ጎርፉ በየት እንደሚመጣ ከካርታ ላይ እያሳየሁ ነበር። አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው ያዳምጡናል። ትንሽ ቆይተው፣ «ልጄ፣ በዚያ በኩል አይደለም የሚመጣው» አሉኝ። ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱን። የጎርፍ መውረጃው በፕላስቲክ ጠርሙስና በአፈር ተደፍኗል። ካርታው ላይ ቦዩ አለ፤ ውሃው ግን የሚያልፍበት የለውም። ስለዚህ ተመልሶ ወደ ቤታቸው ይገባል። ግድግዳው ላይ የቀረውን ቡናማ መስመር በእጃቸው ነኩት። ከጉልበታቸው በላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማቆሚያው ቀድሞ የሚናገረው የቦታው ነዋሪ ነው። እኔ ከእሱ በኋላ ነኝ።

እኚያ እናት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ይህን ያወቅነው እዚያ በመቆማችን ነው፤ እኔ ደግሞ ከቦዩ እኩል የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቺካጎ በጁላይ 1995 በሙቀት ማዕበል ስትመታ ከ700 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጠያቂ የሌላቸው፣ በር ዘግተው የተቀመጡ አረጋውያን ነበሩ። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ኤሪክ ክላይነንበርግ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድሃ ሰፈሮችን አነጻጽሮ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ የተራራቀ ሆኖ አገኘው። ብዙ ሰው ሕይወቱ የተረፈበት ሰፈር መንገዱ ሰው የማይጠፋበት፣ አረጋውያኑም ወጣ ገባ የሚሉበት ነበር። ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር ከተማ ሲባል ግንብና ፓምፕ ብቻ ለሚታየው ሰው ይህን ሁልጊዜ እነግረዋለሁ።

በእርግጥ ሁሉም ሰው ብስክሌት አይነዳም። እኚያ እናት አይነዱም። ስለዚህ እኛ ወደ እሳቸው እንሄዳለን። መንገዱንም የምንመርጠው ከመንዳት ይልቅ መቆሚያው እንዲበዛ አድርገን ነው። ዛሬ እንኳ የአንዱ ጎማ ተነፈሰና ካላማዳሪያው እስኪለጠፍ ስንጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ አሮጌው የውሃ ጉድጓድ የት እንደተቀበረ አሳየን። እንዲህ ያለውን ነገር ከየትኛው ካርታ ላይ አገኘው ነበር?

ቀጣዩን ጉዞ የምናደርገው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ውሃው ምልክቱን ሳያጣ ነው። ጠመኔ እንይዛለን። ውሃው የደረሰበትን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ግድግዳው ላይ ያሰምሩታል፤ እኛ ፎቶ አንስተን ቀኑን እንጽፍበታለን። የመጀመሪያውን መስመር እንዲያሰምሩልን እኚያን እናት ጠይቄያቸዋለሁ። እሺ ብለውኛል።