ሁሉን የሚችል ጀግና ምን ያቅተዋል?

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከጅማ ነው የምናወራው። የሚሰማችሁ ድምፅ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው። ፉአድም አለ።

ፉአድ፦ አለሁ። ዛሬ ከልክ በላይ ኃይለኛ ስለሆኑ የኮሚክ ጀግኖች ነው የምናወራው። እንደ ሱፐርማን ያሉት። ስለነሱ ልብ የሚይዝ ታሪክ መጻፍ ለምን ይከብዳል? ጥያቄው የራሴም ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ኮሚክ እየጻፍኩ ገጽ አራት ላይ ቆሜያለሁ።

ሄለን፦ ምን አቆመህ?

ፉአድ፦ ጀግናዬ ሥራውን ጨረሰዋ! ገጽ አንድ ላይ ሌቦቹ መጡ። ገጽ ሁለት ላይ ደረሰባቸው። ገጽ ሦስት ላይ መኪናቸውን በአንድ እጁ አንስቶ አስቀመጠው። በቃ። ገጽ አራት ላይ ምን ይሥራ?

ሄለን፦ ስንት ጆንያ ይሸከማል?

ፉአድ፦ ምን?

ሄለን፦ ጅማ ነን እኮ። እዚህ ጉልበት በቡና ጆንያ ነው የሚለካው።

ፉአድ፦ (ይስቃል) ጆንያ ስትዪ አጎቴ ትዝ አለኝ። ቡና መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ስልሳ ስልሳ ኪሎ ሁለት ደርቦ ይሸከም ነበር፣ ወላሂ። ሂርማታ ገበያ ሲያልፍ እኛ ልጆቹ ከኋላው እንሮጣለን። አንድ ክረምት ላይ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይጮኻል። አጎቴ መጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ትከሻውን ሰጠ፣ ገፋው።

ሄለን፦ ከዚያስ?

ፉአድ፦ ወጣ።

ሄለን፦ ከዚያስ?

ፉአድ፦ ከዚያማ የለም። መኪናው ወጣ፣ ሹፌሩ አመሰገነ፣ ሄደ። አየሽው? የኔም ኮሚክ እንዲሁ ነው። መንደሩ ይህን ታሪክ ስንት ዓመት አወራው፣ ግን ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

ሄለን፦ እኔ ግን መፍትሔው ቀላል ነው እላለሁ። ኃይሉን ቀንስለት። ሱፐርማን በፈረንጆች 1938 ሲጀምር መብረር እንኳ አይችልም ነበር። ይዘላል እንጂ። አንድ ዝላይ 200 ሜትር ያህል። ኋላ ነው በየጊዜው እየጨማመሩለት ሁሉን ቻይ ያደረጉት። በ1986 ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምሩትም መልሰው ቀነሱለት። እነሱ ካደረጉት አንተስ?

ፉአድ፦ አልቀንስም።

ሄለን፦ እሺ ማርከሻ ስጠው። እንደ ክሪፕቶናይት፣ ሱፐርማንን እንደሚያደክመው ድንጋይ።

ፉአድ፦ ኧረ ሄለን! ያ አረንጓዴ ድንጋይ መጀመሪያ የመጣው በሬዲዮ ድራማው ነው፣ በ1943። ኮሚኩ ላይ የገባው በ1949 ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ይሆናል። ግን ደራሲ ሲጨንቀው ድንጋይ ካወጣ፣ ታሪኩ የድንጋዩ ሆነ። ድንጋዩ ሲመጣ ይወድቃል፣ ድንጋዩ ሲነሳ ይነሳል። ስለ ሰውዬው ምን አወቅኩ?

ሄለን፦ እንደዚያም ሆኖ እኔ ሲወድቅ እደነግጣለሁ።

ፉአድ፦ እኔ አልደነግጥም። በ1944 የመጣ ሌላ ባላጋራ አለው፣ ከአምስተኛው ዲሜንሽን የመጣ ትንሽዬ ሰውዬ፣ ስሙን መጥራት አይቻልም። በጡጫ አይሸነፍም። ስሙን ወደ ኋላ ገልብጦ እንዲጠራ ካታለልከው ነው ወደ አገሩ የሚመለሰው። ይህን እወደዋለሁ! ያ ሁሉ ጡንቻ እዚያ ምንም አይሠራም።

ሄለን፦ እሱስ ልክ ነህ። አባ ጅፋርም ትዝ አሉኝ። ጦር ነበራቸው፣ አገር ነበራቸው። ግን ምኒልክን በጦር ከመግጠም ግብር መክፈልን መረጡና ጅማን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቆዩ። ጅሬን ቤተ መንግሥቱን ባየሁ ቁጥር ያን ውሳኔ ነው የማስበው። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆን?

ፉአድ፦ ይኸው! ሌሊቱ ነው ታሪኩ። ቆይ፣ የአጎቴን አልጨረስኩም።

ሄለን፦ መኪናው ወጣ አላልክም?

ፉአድ፦ ሌላ ነው። ልጁ ተቀይሞት ጅዳ ሄደ። ሁለት ዓመት ዝም አለ። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። አጎቴ ማንበብ አይችልም። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። አስጠራኝ። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። አነበብኩለት። «አባዬ ይቅር በለኝ» የሚለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «ድገመው» አለኝ።

ሄለን፦ ውይ።

ፉአድ፦ ሦስት ጊዜ። ከዚያ «መልስ ጻፍልኝ» አለ። እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኩ። ዝም። ያ ትከሻ አጠገቤ ነው፣ አይሱዙ የገፋው ትከሻ። ከአፉ ግን አንድ ቃል አይወጣም። ላብ አጠመቀው። ስንት ሰዓት እንደቆየን እንጃ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዝናቡ ጥሩ ነው በለው። ቡናው አብቧል በለው።»

ሄለን፦ ይኸው ብቻ?

ፉአድ፦ ይኸው ብቻ። ይህን ታሪክ ሃያ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ አሁንም አልጠገብኩትም። የአይሱዙውን ግን አንቺ ጆንያ ባትይ አላነሳውም ነበር።

ሄለን፦ በ1978ቱ የሱፐርማን ፊልም አሳዳጊ አባቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞተበትን አስታወስከኝ። ያ ሁሉ ኃይል እያለው ማዳን አልቻለም። ብዙ ፍንዳታ አለው ፊልሙ፣ እኔ ግን መቃብሩ ጋ የቆመውን ልጅ ነው የማስታውሰው።

ፉአድ፦ እኔም! ስለዚህ ኃይሉ አይቀነስም። ይጨመርለት እንዲያውም። ሺህ ጆንያ ይሸከም።

ሄለን፦ አንድ ሺህ?

ፉአድ፦ አንድ ሺህ! ኃይሉ በበዛ ቁጥር ያቃተው ነገር ይበልጥ ይታያል።

ሄለን፦ እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ማንም ምንም የማያደርገው ሰው ሲጣላ ማየት ይሰለቸኛል። ትንሽ ይድማ።

ፉአድ፦ ትንሽ ይድማ እሺ። አፍንጫው።

ሄለን፦ ገጽ አራትስ?

ፉአድ፦ መኪናውን አስቀምጦ ቤቱ ይገባል። ደብዳቤ ይጠብቀዋል።

ሄለን፦ እና ማንበብ አይችልም።

ፉአድ፦ አይ፣ ማንበብ ይችላል። መመለስ ነው የሚያቅተው።

ሄለን፦ ማንበብ ባይችል ይሻላል። ያኔ ልጅ መጥራት አለበት፣ ልጁም ታሪኩ ውስጥ ይገባል።

ፉአድ፦ ልጁ እኔ ነኛ!

ሄለን፦ እሱን ነው የምልህ። ሥለህ አምጣውና በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን።