ያቺ ትንሽ ክሊፕ
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻ ነኝ። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ የ125 ሲሲ የሞተር ሳይክል ሞተር ተቀምጧል። እጄ ዘይት በዘይት ስለሆነ ማይኩን በክርኔ ነው ያስጠጋሁት። ኮሽታ ከሰማችሁ ይቅርታ።

ይችን ሞተር መጀመሪያ የገጠምኩ ጊዜ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ፒስተኑን (ሲሊንደር ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰውን) ከቢዬላው (ከሥሩ ካለው ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ፒን ወደ ጎን ሾልኮ እንዳይወጣ በሁለቱም ጫፍ ትናንሽ የሽቦ ክሊፖች ይይዙታል። አዲሱ ፒስተን ከነክሊፖቹ ነበር የመጣው። ሁለተኛዋን ስገጥም ከፒንሳው አፈተለከች። ቲንግ! ግማሽ ሰዓት በጉልበቴ እየዳኽኩ ፈለግሁ። የለችም። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አሮጌዋን አነሳኋት። ለቀቅ ያለች ነበረች፣ ግን ገባች። «ትይዛለች» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ነዳሁ። ከዚያ አንድ የሚፋጭ ድምፅ መጣ። ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ አውርጄ ሲሊንደሩን ሳይ፣ ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚገባበት ጭረት ከላይ እስከ ታች ተጋድሟል። ክሊፗ ወጥታለች፣ ፒኑም ተከትሏት ወጥቶ ግድግዳውን ሲልጠው ከርሟል።

ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም። ሞተር በደቂቃ 8000 ሲዞር ፒስተኑ በሴኮንድ ከ260 ጊዜ በላይ ቆም ይልና ይመለሳል። ይህን ሁሉ ምት የምትችለው ያቺ ሽቦ ናት። አንዴ ተጨምቃ የወጣች ክሊፕ ደግሞ ጉልበት የላትም። አገጣጠሟም ወግ አለው። አፏ፣ ማለትም ጫፎቿ የሚለያዩበት ክፍት ቦታ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን። ወደ ጎን ከሆነ ያው የፒስተኑ ምት እየጨመቀ ያላቅቃታል። ክሊፕ ለማውጫ ፒስተኑ ላይ ከተተወችው ጎድጓዳ ቦታ ጋርም አይግጠም።

የጠፋችው አዲሷስ? ከወራት በኋላ የቱታዬ እጥፋት ውስጥ አገኘኋት። ክራንክኬዝ ውስጥ፣ ከሲሊንደሩ ሥር ባለው የሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ገብታ ቢሆንስ ኖሮ? አፉን በጨርቅ እንኳን አልደፈንኩትም ነበር። ዛሬ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ሲሊንደሩ 56.5 ሚሊሜትር ነበር፣ ያ ጭረት እንዲጠፋ በ0.50 ሰፍቷል። ፒስተኑን መጀመሪያ ገዝቼ ነው ይዤለት የሄድኩት። የሚያሰፋው ሰው በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ፒስተኑን ራሱን ለክቶ ነው መሥራት ያለበት። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚፈለገው ክፍተት 0.03 ወይም 0.04 ሚሊሜትር ነው፣ የፀጉር ግማሽ ገደማ። ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ወደ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ካጠበባችሁት ፒስተኑ እዚያው ይያዛል።

ፒስተኑ አናት ላይ ቀስት አለ። በአብዛኛው ወደ ማርሚታው፣ ወደ ጭሱ መውጫ፣ በኩል ይዞራል። አንዳንዱ ደግሞ በቀስት ፋንታ «ኢን» ይጻፍበታል፣ ያ ወደ ካርቡራተሩ፣ ነዳጅና አየር ወደሚገባበት፣ ነው። ክብ ነገር ነው፣ ቢዞር ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የፒኑ ቀዳዳ ልክ መሀል ላይ አይደለም፣ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ገፋ ብሏል። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ግድግዳውን ሲያንኳኳ ትሰማላችሁ። ቫልቮላዎቹ፣ የአየርና የጭስ በሮቹ፣ ሲከፈቱ እንዳይነኩት አናቱ ላይ የተተዉት ጎድጓዶችም መጠናቸው የሚለያይ ፒስተን አለ።

እኔ ግን ዛሬ ማታ የተያዝኩት ሪንግ ላይ ነው፣ ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያቅፈው አፉ ክፍት የሆነ ቀለበት። ሪንጉን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ በፒስተኑ አናት ገፋ አደረግሁት፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ። ከዚያ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ስስ የመለኪያ ቅጠል አስገባሁ። ሁለተኛው ሪንግ 0.20፣ ደህና ነው። የላይኛው ግን 0.15ን እምቢ አለኝ። 0.10 ብቻ ገባ። መመሪያዬ ቢያንስ 0.15 ይላል። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» የምትል ድምፅ ውስጤ መጣች። አውቃታለሁ፣ ያኔ «ትይዛለች» ያለችው ናት። ሪንጉ ሲሞቅ ጫፎቹ ከተገናኙ የሚሄድበት የለውም፣ ግድግዳውን ይነክሳል።

ስለዚህ ትንሿን ሞረድ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ሦስቴ ፋቅ አድርጎ እንደገና መለካት። አሰልቺ ነው። አምስተኛው ሙከራ ላይ 0.15 ቅጠል ጠበቅ ብላ ገባች። 0.20 እስክትገባ እቀጥላለሁ፣ ግን ነገ። አሁን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ዓይኔም ደክሟል።

ነገ ሪንጎቹ ምልክታቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ አፋቸው ተራርቆ ይገባሉ። ከዚያ ፒኑ፣ ከዚያ ክሊፖቹ። ክሊፖቹ እዚህ ላስቲክ ውስጥ አሉ፣ አራት ናቸው። የሚያስፈልገኝ ሁለት ብቻ ነው።