ጥጤ ሐሙስ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ይቅርታ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፣ ከአከራዬ ጋር የሚለየን ደግሞ አንድ ግድግዳ ነው። ደብረ ብርሃን ነኝ። ውጭው ውርጭ ነው፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ላወራ ነበር፣ ግን ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ ልናገረውና ይውጣልኝ፦ አይጤ ታማብኛለች።

አዎ፣ አይጥ ነው ያልኩት። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

ስሟ ጥጤ ነው። ነጭ ናት፣ ዓይኗ ቀይ፣ ያቺ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትታየዋ ዓይነት። ጓደኛዬ ካገር ሲወጣ "ለሁለት ሳምንት ያዝልኝ" ብሎ ጥሏት ሄደ፤ ሁለቱ ሳምንት ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። መጀመሪያ አልነካትም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እጠየፋት ነበር። አንድ ማታ እጅጌዬ ውስጥ ገብታ ተኛች፣ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ደስ ሲላት ጥርሷን ታፋጫለች፣ ዓይኖቿም ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላሉ። መጀመሪያ ሳየው የምትሞት መስሎኝ ብድግ ብዬ ነበር። ለካ ደስታ ነው።

ከወር በፊት ብብቷ ሥር ሽምብራ የምታክል እብጠት ዳሰስኩ። ዝም አልኩ፣ ይጠፋል ብዬ። በሁለተኛው ሳምንት ባቄላ አከለ፣ አሁን ሎሚ ነው። ስትራመድ የፊት እግሯ ወደ ጎን ይከፈትባታል።

ሴት አይጦች ላይ የጡት ዕጢ በጣም የተለመደ ነው። የጡታቸው ሥጋ ደረታቸው ላይ ብቻ አይደለም፣ ከአንገት እስከ ብሽሽት የተዘረጋ ነው፣ ለዚህ ነው እብጠቱ ብብት ሥርም ጭን አካባቢም ብቅ የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ የማይዛመት ዓይነት ነው፣ ይሄን ሳነብ ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ዝም ከተባለ ያድጋል፣ ያድጋል፣ መራመድ ይከለክላታል፣ ቆዳው ይቆስላል። መውጣት አለበት።

ይዣት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሰልፉን ልንገራችሁ፦ ሦስት በግ፣ አንድ ጥጃ፣ ጀርባዋ የተላጠ አህያ፣ ከዚያ እኔና የጫማ ካርቶን። አጠገቤ የቆሙ ባላገር "ዶሮ ነው?" አሉኝ። "አይደለም አባቴ፣ አይጥ ናት።" ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው "መርዙንኮ ሱቅ ይሸጡታል ልጄ" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ ሊረዱኝ ነው።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዳሰሳት፣ ደረቷን ሰማ፣ "ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው በግና ከብት ነው፣ ይቺን አደንዝዤ ብትሞትብኝ ያንተን ዓይን ማየት አልፈልግም" አለኝ። ከዚያ ቢሾፍቱ ለምትሠራ፣ አብራው ለተማረች ሐኪም ደወለ። ሐሙስ ይምጣ አለች። ከነትራንስፖርቱ የአንድ ጠቦት ዋጋ ሊወጣብኝ ነው፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ለእናንተ ነገርኩ።

በተለይ አባባ እንዳይሰሙ። አያቴ መንዝ ናቸው፣ ገብስ አምራች። ጎተራቸው ሥር ዱላ ይዘው ያደሩበትን ዓመት ልጅ ሆኜ አስታውሳለሁ። ለእሳቸው አይጥ ማለት የጎደለ ቁና ነው፣ እና ልክ ናቸው፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ተረቱ እንኳ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ነው የሚለው። ስልክ ላይ ድምፄ ተሰብሮ "ምን ሆንክ?" ሲሉኝ ዋሸሁ። ድመቴ ታማብኝ ነው አልኳቸው። "መርዝ የበላ አይጥ በልታ ይሆናል፣ ወተት ስጣት" አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

የሚያስጨንቀኝ መቀደዱ ራሱ አይደለም። ማደንዘዣው ነው፣ ብርዱ ነው። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ስትደነዝዝ ሙቀቷ ቶሎ ያመልጣል፣ ከቢላዋው ይልቅ ብርዱ ሊገድላት ይችላል። እኛ ደግሞ የምንነሳው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ አገር፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ! አንድ የገረመኝ ነገር አለ፦ ሰው ወይም ውሻ ሲሆን ከቀዶ ጥገና በፊት ይጾማል፣ አይጥ ግን ማስመለስ ስለማትችል አትጾምም። እስከ መጨረሻው ትብላ ተብያለሁ። በዚህ ደስ ብሏታል።

ለማደንዘዣው መጠን ክብደቷን ላክ ተባልኩ። ሚዛን ከየት ይምጣ? ሰፈር ካለው ሱቅ ሄጄ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አስመዘንኳት፣ "ቅመም ነው" ብዬ። ከረጢቱ ሲንቀሳቀስ ልጁ አየኝ። 290 ግራም። በዚያ ሚዛን ስኳር እንደሚመዝን አውቃለሁ፣ ነገ ጠዋት ሄጄ በአልኮል እጠርግለታለሁ፣ እውነቱንም እነግረዋለሁ።

ማታ ማታ የሚመላለስብኝ ሌላ ነው። አይጥ የምትኖረው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። ጥጤ ወደ ሁለት ተጠግታለች። ዕጢው ወጥቶም ሌላ ቦታ ሊመለስ ይችላል። ታዲያ ይሄን ሁሉ የማንገላታት ለእሷ ነው ወይስ እኔ ባዶ ቤት መግባት ስለፈራሁ? አልመለስኩትም። ግን ስድስት ወር ለእኔ የዓመት ግማሽ ብቻ ነው፣ ለእሷ የዕድሜዋ ሩብ ነው። እግሯን ሳትጎትት ብትኖረው አይሻልም?

ለማንኛውም ተዘጋጅተናል። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ እይዛለሁ፣ ካልሲ ውስጥ ከትቼ። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ሌላ መኪና። ጫጫና ሸኖ ላይ ያለውን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኑን ከጋቢው ሥር እደብቃለሁ፣ አንድ ሰው ቢያይ መኪናው ቆሞ ነው የምንወርደው።

አከራዬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ግዴታ ስለሆነብኝ። እሳቸው ጥጤን አይወዷትም፣ ስሟንም አይጠሩም፣ "ያቺ ነገርህ" ነው የሚሉት። ዛሬ አመሻሹ ላይ በሩን አንኳኩና የአሮጌ ባና ቁራጭ አቀበሉኝ፣ የመንዝ በግ ፀጉር፣ እጥፍ አርገው። "ለዚያች ነገርህ። ደግሞ አትመልሰው፣ አልፈልገውም።"

እ... ቆይ፣ ይሄ ድምፅ ይሰማችኋል? የመንገዱን ካርቶን መብላት ጀምራለች። በቃ ሄድኩ፣ ሌላ ካርቶን ልፈልግ።