የኋላ ፍሬን ፒስተን አይገፋም፣ ይዞራል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የማወራው ስለ ኋላ ፍሬን ነው፤ በተለይ የቆየ ስፖርት መኪና ይዛችሁ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለምትመላለሱ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ያንን ቁልቁለት በአብዛኛው የሚሸከመው የፊት ፍሬን ስለሆነ የኋላው ይረሳል። እኔ ግን የፍሬን ሸራ ሲቀየር የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው የኋላው ነው እላለሁ፤ በብዙዎቹ መኪኖች የእጅ ፍሬኑም እዚያው ካሊፐር ውስጥ፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በሚጨምቀው ክፍል ውስጥ፣ ነው ያለው።

ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አዲሱ ወፍራም ሸራ እንዲገባ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ካሊፐሩ ውስጥ መመለስ አለበት፤ የፊቱን ፒስተን በሞርሳ ጨምቆ ማስገባት የለመደ እጅ የኋላውንም ይጨምቀዋል። አይገባም። ጉልበት ሲጨመርበት ውስጡ ያለው የእጅ ፍሬን ጥርስ ይበላሻል፤ ሸራ ሊቀየርለት የገባ መኪና ካሊፐር ፈላጊ ሆኖ ይወጣል።

በፈረንጆች ከ1989 እስከ 1997 የተመረተውን የመጀመሪያውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እንውሰድ። ካሊፐሩ ከጀርባው በ14 ቁልፍ የሚፈታ መዝጊያ ቡሎን አለው። እሱ ሲወጣ ባለ 4 ሚሊሜትር ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ ወደ ግራ ስታዞሩት ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በሌሎች ብዙ መኪኖች ደግሞ ፒስተኑ ፊቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ በዚያ ይዛችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ፣ እያዞራችሁ ታስገቡታላችሁ። መጨረሻ ላይ ጎድጓዳው ከሸራው ጀርባ ካለችው ጉጥ ጋር ይግጠም። አለዚያ ሸራው ተንጋዶ ይቀመጥና በአንድ ጫፉ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ግን መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ታግደው፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ነው። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት መቆሚያ ከስር ይግባ። የፍሬን ዘይቱ እስከ አፉ ከሞላ ቀንሱለት፣ ገንፍሎ ቀለም ይልጣል። የተቀነሰውን መልሳችሁ አትጨምሩት። ካሊፐሩን በሽቦ እንጂ በቱቦው አታንጠልጥሉት። ሸራ የሚቀየረው በሁለቱም ጎን ነው፤ ሆኖም አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፣ አገጣጠሙ ከጠፋባችሁ ያልተነካውን ታያላችሁ።

አሮጌውን ሸራ ሳትጥሉ እዩት። የውስጠኛው አልቆ የውጪኛው ወፍራም ከሆነ ብዙ ጊዜ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ማለት ነው። አውጥታችሁ አጽዷቸው፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ ቀቧቸው፤ ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ይህን ዘልሎ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የዲስኩንም ውፍረት ለኩ፣ ዝቅተኛው ልክ ራሱ ላይ ተቀርጿል።

ማዝዳው ሲገጠም ያንኑ ባለ 4 ሚሊሜትር ቁልፍ ሸራው ዲስኩን እስኪነካ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ከዚያ 1/3 ዙር መልሱት። ይህ ካልተደረገ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ የእጅ ፍሬኑም ብዙ ተስቦ ነው የሚይዘው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ገመዱን ያጠብቃል። እባካችሁ አታድርጉት! ገመዱ ሲወጠር ካሊፐሩ ላይ ያለው ማንሻ ወደ ማረፊያው አይመለስም፤ ሸራው ዲስኩን እየላሰ ይሄዳል፣ ይግላል። ገመድ የሚነካው ካሊፐሩ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ ጠጠር እስኪል ደጋግማችሁ ርገጡ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ሜዳው ላይ፣ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አስር ጊዜ ያህል ሳትቆሙ ቀንሱ፤ በየመሃሉ ፍሬኑን አየር አስመቱት። ሸራና ዲስክ ሳይላመዱ ጣርማ በርን አትውረዱ።

ስትወርዱም በማርሽ ያዙት። ደብረ ሲና ለቆሎ ከቆማችሁ በእጅ ፍሬኑ ብቻ ጥላችሁት አትሂዱ፤ የጋለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ የጠበቀውም ይላላል። አፍንጫው ቁልቁል ከሆነ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ስርም ድንጋይ አድርጉ።